የወፍጮው አመል

በቅሎ ሊገዛ የሄደ ሰው በመጀመሪያው ቀን በቅሎዋን አያያትም። የታሰረችበትን ጉቶ ያያል፤ መሬቱ በኮቴ ተጭሮ እንደሆነ ያያል፤ የባለቤቷን ፊት ያያል። እሷን ግን እንደ መንገደኛ በዓይኑ ጫፍ ገረፍ አድርጎ ብቻ ያልፋታል። መፈለጉ ከታወቀበት ሻጩ ይኮራበታል።

ዘይኑ ዕድሜውን የጨረሰው በዚህ ሥርዓት ነበር። ጨፋ ሮቢት ላይ በዛብህ የሚባል ነጋዴ ያገለገለ ወፍጮውን ሊሸጥ ነው የሚል ወሬ ከሚሴ ድረስ ሲመጣለትም፣ ሌላ ዘዴ አያውቅምና ያንኑ ይዞ ሄደ። ገበያ የወጣ መስሎ ከወፍጮ ቤቱ ማዶ ከአንዲት ግራር ሥር ቁጭ አለ። ጋቢውን አጣጥፎ ጉልበቱ ላይ አኖረና ወፍጮውን ሳያይ ዋለ።

ማታ ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ቶይባ ውሃ እያቀረበችለት ጠየቀችው።

«እህ፣ ምን ይመስላል?»

«አላየሁትም።»

«አላየሁትም? ቀኑን ሙሉ ምን ስትሠራ ዋልክ ታዲያ?»

«ስሰማው።»

ቶይባ ሳቋን ዋጥ አደረገች። «እሺ፣ የአሲያ አባት። ምን አለህ?»

«ትንፋሹ እኩል ነው። አይቆራረጥም። ከሰዓት በኋላ ትንሽ አስሎት ነበር፤ ወዲያው ተወው። ከውስጥ የሚወጡት ሴቶችም አያማርሩም። አንዷ ብቻ ዱቄቷን አሽታ ፊቷን አጨማደደች።»

«ለምን አጨማደደች?»

«እኔ ምን አውቄ። የሴት ፊት ለብዙ ነገር ይጨማደዳል።»

ቶይባ የውሃውን ዕቃ አነሣች። ያቺን አንዷን ሴት ግን በልቧ ያዘቻት።

ጊዜው የሃምሳዎቹ አጋማሽ ነበር። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ከባቲ እስከ ደጋው አፋፍ ድረስ ዘይኑን የማያውቅ መንደር አልነበረም። ሲራራ ነጋዴ ነው። ከባቲ አሞሌ ጨው ይጭንና የጨፋን ሜዳ አቋርጦ፣ ቦርከናን ተሻግሮ፣ ዳገቱን ተያይዞ ወደ ደጋው ይወጣል፤ ሲመለስ ባቄላና ገብስ፣ የቀናው እንደሆነ ደግሞ ማር ያወርዳል። የበቅሎዎቹ ቃጭል ከሩቅ ሲሰማ ሴቶች ጨው የጨረሰ ዕቃቸውን ይዘው ደጅ ይወጣሉ። በበጋ አፋሮቹ ከብታቸውን ነድተው ወደ ጨፋ ሳር ሲመጡ እሱ በመካከላቸው ሰላምታ እየሰጠ ያልፋል፤ በክረምት ሜዳው ውሃ ሲይዝ ደግሞ የትኛው ጉብታ ጠጣር፣ የትኛው አረንቋ እንደሆነ እሱና በቅሎዎቹ ብቻ ያውቁታል። ማደሪያው የትም ነው። እሳት በነደደበት ሁሉ «ማረፊያ ለእንግዳ» ይላል፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በሩን ይከፍትለታል፤ ጠዋት ሲነሣ ለቤቱ ዱዓ አድርጎ ይሄዳል።

ከዚያ መኪናው መጣ። ትሬንታ ኳትሮ የሚሏቸው የጭነት መኪናዎች እሱ እያደረ የሚያደርሰውን ከቁርስ እስከ ምሳ ያደርሱት ጀመር። መጀመሪያ ጨዉን ወሰዱበት፤ ቀጥሎ ባቄላውን። ዘይኑ አልተጣላቸውም። ሾፌሮቹ ሲያልፉ እጃቸውን ያወጡለታል፤ እሱም ያወጣላቸዋል። በቅሎዎቹን ግን አንድ በአንድ ይሸጥ ጀመር፤ በሸጠ ቁጥርም የቤቱ ደጅ ይሰፋበታል። በመጨረሻ ዳለቻ ብቻ ቀረች።

ዳለቻ ስሟን ያገኘችው ከመልኳ ነው፤ የቀዘቀዘ አመድ ትመስላለች። ገና ወተት ከተወች ጀምሮ ያሳደጋት እሱ ነው። ከፊት የምትመራው እሷ ነበረች። ሌሎቹ ጭነት ሲሸከሙ እሷ አንዳንዴ ጭነት፣ አንዳንዴ ዘይኑን ትሸከማለች፤ ስትሰግርም በእጁ የያዘው ውሃ አይፈስም። ለሰው አማርኛ የሚናገረው ዘይኑ ለእሷ የሚያወራው በኦሮምኛ ነበር። «ዴሚ፣ ኢንታላ ኮ» ሲላት፣ ሂጂ ልጄ ማለቱ ነው፣ ጆሮዋን ወደ ኋላ ጣል አድርጋ ትሄዳለች።

የወፍጮው ነገር የቶይባ ሐሳብ ነበር። ከከሚሴ ወጣ ብሎ ባለው መንደራቸው ሴቱ ሁሉ ገና ተንበርክኮ በመጅ ነው የሚፈጨው። ዘይኑ አንድ ቀን፣ የመጁ ድምፅ ሲቀር ጠዋቱ እንዴት ዝም ሊል ነው ብሎ ሲተክዝባት፣ «እስቲ ጉልበቴን ጠይቀው፤ ናፍቆት የሚባል ነገር የለበትም» አለችው። እሱም ሳቀና ነገሩን ያስብበት ጀመር።

ችግሩ በዛብህ ነበር። ዘይኑ ከሸጣቸው በቅሎዎች ያጠራቀመውን ገንዘብ ሰምቶ ራሱን ነቀነቀ። ከሮቢት በላይ ደጋው ላይ የአባቱ ርስት አለው፤ መኪና የማይደርስበት አገር ነው፤ የሚሄድበት ሰጋር በቅሎ ይፈልጋል። «ዳለቻን ጨምርና ወፍጮው ያንተ ነው» አለ።

እንግዲህ ነገሩ ይህ ነው። ወፍጮው ደህና ከሆነ ቤቱ ይቆማል። የደከመ፣ የተደበቀ ነቀርሳ ያለበት ከሆነ ግን ዳለቻ ሄዳ፣ ዘይኑ በቆርቆሮ ቤት ውስጥ አንድ የማይነሣ ብረት ታቅፎ ይቀራል። በቅሎ ስትሞት እንኳ ይለቀስላታል። ብረት ምን ይደረግለታል?

በሁለተኛው ጉዞ በዳለቻ ላይ ተቀምጦ ሮቢት የደረሰው ፀሐይ ገና ከአፋር በኩል ብቅ ስትል ነው። ወፍጮ ቤቱን የከፈተለት ዋለ የሚባለው ሠራተኛ ነበር፤ ሞተሩን የሚያስነሣ፣ ናፍጣ የሚቀዳ፣ ዱቄት ከጠጉሩ የማይጠፋ ሰው። የሰፈሩ ልጅ ነውና ክርስቲያን ቢሆንም በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጠው።

«አካም ጅርታ፣ ኦቦ ዘይኑ? ማልደሃል!»

«ሰላም ነው፣ ዋለ። ብርዱን ይዤ ልምጣ ብዬ ነው።»

ዘይኑ አሁን ወፍጮውን አየ። አረንጓዴ ቀለሙ የተላላጠ ሞተር፤ ትልቁ ጎማው ከብረት፤ ከዚያ ሰፊው ቺንጋ፣ የሞተሩ ቀበቶ፤ በቺንጋው ጫፍ ድንጋዮቹ የተቀመጡበት ክብ ብረት፤ ከበላዩ እህል የሚፈስበት ቆርቆሮ። ሊገዙ የሚመጡ ሰዎች መጀመሪያ አስነሥተህ አሳየኝ ይላሉ። ዘይኑ አላለም። ቀረብ ብሎ፣ የበቅሎ ሆድ እንደሚዳስስ፣ መዳፉን በሞተሩ ጎን ላይ አሳረፈ። 

«ዋለ።»

«አቤት።»

«ይኼ ልጅ እንቅልፍ ላይ አልነበረም።»

ዋለ የሞተሩን ማስነሻ ብረት፣ ማኖቬላውን፣ ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። «እንዴት?»

«ሞቋል። ከመኝታው የተነሣ በቅሎ እንዲህ አይሞቅም። ሳልመጣ ሮጧል።»

የበቅሎ ነጋዴ ያውቀዋል። ጉልበቷ የተሳሰረ በቅሎ ለገዢ ከመቅረቧ በፊት ሜዳ ለሜዳ ትሰገራለች፤ ጅማቷ ሲፍታታ ማነከሷ ይጠፋል። ዋለ አፈረና ሳቀ።

«ጌታዬ ናቸው አድርግ ያሉኝ። ወላዲትን፣ በብርድም ይነሣል! ትንሽ ያስቸግራል እንጂ ይነሣል።»

«እንግዲያው እንይዋ» አለና ዘይኑ ከአንድ ጆንያ ላይ ተቀመጠ። ከጋቢው ውስጥ ቆሎ አወጣ፤ ለዋለም ዘገነለት። «እስኪበርድ እንጫወት።»

ሲበርድ ተነሡ። ዋለ ማኖቬላውን ከተተና ወገቡን ሰበቀ። ሞተሩ አንዴ አጉረመረመና ተወ። ደገመው፤ ነጭ ጭስ ተፋና ተወ። ዋለ ላቡን ጠርጎ፣ መዳፉን እንትፍ ብሎ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ሲያሽከረክረው ቱክ አለ፤ ቱክ፣ ቱክ፣ ቱክቱክቱክ እያለም ቤቱን አናጋው። ደጅ የታሰረችው ዳለቻ ጆሮዋን አቆመች።

ዘይኑ እንደሚያውቀው መረመረው። ጭሱን አየ፤ ነጩ ወዲያው ጠፋና ቀለል ያለ ግራጫ ሆነ። ጎኑን ዳሰሰ፤ ሲተነፍስ አይንቀጠቀጥም። ከሥሩ ተንበርክኮ ዘይት የሚንጠባጠብ እንደሆነ አየ፤ ደረቅ ነው። ከዚያ ይዞት የመጣውን ማሽላ አስፈሰሰ። ሆን ብሎ እጅግ የጠነከረውን ነበር የመረጠው፤ በቅሎ የምትፈተነው ባዶዋን አይደለምና። ሞተሩ ጭነቱ ሲወድቅበት አንዴ አቃሰተ፤ ወዲያው ትከሻውን አስተካክሎ ተያያዘው።

ዱቄቱ ወረደ። ዘይኑ እጁን ሰደደና አንድ ጭብጥ ዘገነ። ሞቃት ነበር። እንደ ደከመ እንስሳ ጎን፣ እንደ ሮጠ ገላ ሞቃት። ዳገት ወጥታ ጭነቷ ሲራገፍላት የዳለቻ ጀርባ እንዲህ ነው የሚሞቀው። ዘይኑ ደስ አለው። ይኼስ ሠራተኛ ነው፣ አለ በልቡ። ደጅ ወጣና ከዳለቻ አንገት ሥር እጁን አስገብቶ ቆየ፤ እንድትሄድ የፈረደባት ያን ጊዜ ነበር።

ዱቄቱን ቤቱ ይዞት ሲመጣ ቶይባ ጆንያውን ፈታችው። መጀመሪያ አሸተተችው። ከዚያ በሁለት ጣቷ አሸችው። ከዚያ ቆንጥራ ምላሷ ላይ አደረገችና ዓይኗን ጨፈነች። ጥርሷ ቀጭ ሲል ዘይኑም ሰማው።

«ሞተሩን አየኸው?» አለች።

«አየሁት። አልሐምዱሊላህ፣ ሞተሩ አንበሳ ነው! ዱቄቱን ብትነኪው እኮ እንዲህ ይሞቃል!»

«ይሞቃል?» ቶይባ ዓይኗን ገለጠች። «ሲወርድ?»

«እንደ በቅሎ ጀርባ።»

«አንተ ሰውዬ!» አለችና እጇን አራገፈች። «ዱቄት ሞቆ ይወርዳል እንዴ? ድንጋዩ ደንዝዞ ነው! መቁረጥ ሲያቅተው ያሻዋል፤ ሲያሸው ይለበልበዋል። መጄ ሳይወቀር ሲቀር እኔ አላየሁም? ይኸው ሸተተኝ፤ አሯል። አሸዋም አለው።»

«አሸዋ ከማሽላው ይሆናል።»

«ማሽላውን ያበጠርኩት እኔ ነኝ።»

ዘይኑም ቆንጥሮ ቀመሰ። እንደ ጨዋ በቅሎ ነጋዴ ሁሉን ነገር አይቶ ነበር፤ ትንፋሹን፣ ሆዱን፣ ላቡን፣ ጉልበቱን። ጥርሱን ብቻ አላየም። ያውም የመጀመሪያው የሚታይ ነገር ጥርስ ሆኖ ሳለ። ሰው ቢሰማበት መሳቂያ ይሆናል። ቶይባ ግን አልሳቀችም፤ ፊቱን ስታየው አዘነችለት።

«ነገ እኔም እሄዳለሁ» አለች። «እሷን አሳልፈህ የምትሰጥበት ነገር እንደሆነ እኔም ልየው።»

በማግሥቱ ቶይባ በዳለቻ ላይ፣ ዘይኑ በእግሩ ሆነው ሮቢት ገቡ። በዛብህ ነጭ ጋቢውን ተከናንቦ ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ይጠብቃቸው ነበር። ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ድምፁ ከሞተሩ የሚበልጥ ሰው ነው። ዳለቻን ሲያይ ዓይኑ በራ፤ ዙሪያዋን ዞራት፤ ከንፈሯን ገልጦ ጥርሷን አየ። ዘይኑ ይኼን ሲያይ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አቶ በዛብህ፣ እስቲ እንቀመጥ። አመሏን ልንገርዎት።»

«ምን አመል አላት?»

«የኛ ደንብ ነው። በቅሎ የሚሸጥ ሰው ገመዱ ከእጁ ሳይወጣ አመሏን ይናገራል። ሳይናገር ቢሸጥና ኋላ ሰው ብትጥል የሻጩ ዕዳ ነው፤ በሚቀጥለው ገበያም ማንም ሰላም አይለው።» ዘይኑ መሬቱን እያየ ነበር የሚናገረው። «ዳለቻ መኪና ሲያነፋ ቀጥ ብላ ትቆማለች። መሐል መንገድ ላይም ቢሆን። ዱላ ቢሰበርባት አትነቃነቅም። መኪናው ካላለፈ፣ ወይም ሾፌሩ ወርዶ ካልለመናት እሷ አትሄድም።»

በዛብህ ትክ ብሎ አየው። ከዚያ ጋቢውን ወደ ትከሻው ወረወረና ተቆጣ።

«ዘይኑ፣ ልትሸጥልኝ ካልፈለግህ አልሸጥም በለኝ! በቅሎህን በፊቴ ታማታለህ? ምን አደረግሁህ? ከደሴ ለማስመጣው አዲስ ወፍጮ ቀብድ ከፍዬ፣ ቦታ አስጠርጌ...»

«ኧረ አቶ በዛብህ፣ አላማኋትም...»

«የሚሸጥ ሰው ያመሰግናል! እኔ ወፍጮዬን አምቻለሁ? ሰምተኸኝ ታውቃለህ?»

ዋለ በሩ ላይ ሆኖ በእጁ አፉን ሸፍኗል። ዘይኑ ከደጋ እስከ ቆላ በሄደበት አገር ሁሉ ይህ ደንብ ያልገባው ሰው ገጥሞት አያውቅም ነበር። በመጨረሻ የተናገረችው ቶይባ ናት፤ ከሻሿ ሥር፣ ቀስ ብላ።

«አቶ በዛብህ፣ አይቆጡ። ባለቤቴ ተራውን ጨርሷል። አሁን ተራው የርስዎ ነው።»

«የምን ተራ?»

«አመሉን ለመናገር።»

 በዛብህ ወደ ቶይባ አየ፤ ወደ ዘይኑ አየ፤ ወደ ዋለ ሲያይ ዋለ ፊቱን አዞረ። ከዚያ ያ ትልቅ ሳቁ ከሆዱ ፈነዳ። ዳለቻ እንኳ ደንግጣ ገመዷን ሳበች።

«እናንተ የበቅሎ ሰዎች!» አለ እንባውን እየጠረገ። «ሰውን እንዲህ አድርጋችሁ ነው የምታስሩት? እሺ። ጠዋት አይወድም፤ ይኼን ዋለ ነግሯችኋል። መጥፋትም እምቢ ይላል፤ አፉን በጆንያ ካላፈናችሁት ሌሊቱን ሙሉ ሲለፈልፍ ያድራል። እንደ እኔ ማለት ነው።»

«ድንጋዩስ?» አለች ቶይባ።

የበዛብህ ሳቅ ቀነሰ። ጢሙን አሸ። ዋለን በእጁ ጠራና፣ «ክፈተው» አለው።

ዋለ ብሎኖቹን ፈታ፤ ክዳኑን ከዘይኑ ጋር አነሡት። ሁለቱ ድንጋዮች ታዩ። ያለቀ ሳሙና ይመስላሉ። ብዙ ጊዜ ተወቅረው ተወቅረው ከመሳሳታቸው የተነሣ የሚይዛቸው የብረት ቀለበት ከድንጋዩ ፊት ሊተካከል ምንም አልቀረውም፤ የመሮው መስመርም መሐሉ ላይ ጠፍቶ እንደ መስተዋት ያብለጨልጫል። ዘይኑ ጣቱን ሰደደና ዳሰሰው። ያረጀች በቅሎ ድድ እንዲህ ነው።

«እንግዲህ አመሉ ይኸው ነው» አለ በዛብህ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አልነግርህም ነበር፤ ግን ወንድሜ ነህና ልደብቅህ አልችልም። ሞተሩን ግን እምላለሁ። ሞተሩ ልጅህን ይድርልሃል።»

«ልጄን ድሬያለሁ» አለ ዘይኑ፤ ፈገግ ብሎም። «ድንጋዩን ይለውጡልኝ።»

«ከየት?»

«ከርስዎ አገር። ርስትዎ ካለበት አፋፍ ላይ የወፍጮ ድንጋይ የሚጠርቡ ሰዎች አሉ፤ ጨው አራግፍላቸው ነበር። ያስጠርቡልኝ፤ እኔ አወርደዋለሁ። ተገጥሞ፣ ቶይባ ዱቄቱን ቀምሳ፣ እሺ ካለች በቅሎዋ የርስዎ ናት።»

«በምን ታወርደዋለህ? መኪና እኮ አይደርስም!»

ዘይኑ ወደ ዳለቻ አየ። በዛብህም አየ። «መኪና የሚፈራ በቅሎ፣ መኪና የሌለበት አገር» አለ በዛብህ ራሱን እየነቀነቀ። «እኔም እኮ እዚያ አገር መኪና ቢመጣ ደንግጬ ቀጥ ብዬ ነው የምቆመው። እሺ። ተስማማን።»

ድንጋዮቹ ተጠርበው መድረሳቸው ሲነገረው ዘይኑ የጭነት ኮርቻውን ከግድግዳ አወረደ። ሄዶ ለመምጣት እንደ ድሮው ቆሎና አገልግል አዘጋጀችለት ቶይባ።  ዳለቻም ኮርቻው ጀርባዋ ላይ ሲያርፍ ቆዳዋን አንዴ ነዘረችና ጸጥ አለች፤ የምታውቀው ነገር ነው።

ያ መንገድ ምንም አልተለወጠም ነበር። ጨፋ በሳር ተሸፍኗል፤ ነጫጭ ወፎች ከከብቶቹ ጀርባ ላይ ተነሥተው ይቀመጣሉ። ዳገቱ ሲጀመር ቁልቋሉ፣ ከፍ ሲባል ወይራው፣ ከዚያ አፋፉ ላይ ጥዱና ቅዝቃዜው። ውሃ የሚጠጣባት ምንጭ አሁንም ትፈልቃለች፤ ከበላይዋ ያለው የድንጋይ መቀመጫ ግን ሙጃ በቅሎበታል፤ የሚቀመጥበት ጠፍቶ ይሆናል። ድሮ ባደረበት ቤት ደጅ ቆሞ «ማረፊያ ለእንግዳ» ሲል አንዲት ወጣት ሚስት ወጣችና ማን ነህ አለችው። ከውስጥ ግን ያረጀ የሴት ድምፅ ጮኸ።

«ማን ነህ ትይዋለሽ? የጨው ዘይኑ ነው እንጂ! ግባ፣ ልጄ፣ ግባ። እኛማ ሞተ ብለን...»

«አልሞትኩም፣ እማማ። መኪና ቀደመኝ እንጂ።»

አሮጊቷ ፊቱን ደባብሳ ሳመችው። ዓይኗ ጠፍቶ ነበር፤ ያወቀችው በድምፁ ነው። ጨው ይዞላት አለመምጣቱን ሲያስብ አፈረ፤ እሷ ግን ስለ ጨው አልጠየቀችውም። ስለ በቅሎዋ ጠየቀችው። «ያቺ አመዳማዋ አለች?» አለች። «አለች» አላት። ወደፊት የት እንደምትሆን ግን አልነገራትም።

ሁለቱን ድንጋዮች ጠራቢዎቹ በሁለት ጎን አመዛዝነው ጫኑለት። ዘይኑ ቁልቁለቱን ከፊቷ ሳይሆን ከኋላዋ ሆኖ ወረደ። መንገዱን ታውቀዋለች። እሱ የፈለገው አካሄዷን ማየት ነበር፤ እግሯን አንስታ፣ ድንጋዩን በኮቴዋ ጫፍ ሞክራ፣ ከዚያ ክብደቷን የምትጥልበትን መንገድ። ይህን ሁሉ ዓመት ከጀርባዋ ላይ ሆኖ፣ ወይም ልጓሟን ይዞ ከፊቷ ሆኖ፣ አንድ ጊዜም እንዲህ አላያትም ነበር። ጠባቡ ቦታ ሲደርሱ ቆመችና አንገቷን መለሰች።

«ዴሚ፣ ኢንታላ ኮ» አላት።

ወረደች።

ዋለ አዲሶቹን ድንጋዮች ገጠመ፤ መሐላቸውን አስተካከለ፤ ሞተሩ በብርድ፣ ያለ ማጭበርበር ተነሣ። ቶይባ ማሽላዋን በገዛ እጇ አፈሰሰች። ዱቄቱ ሲወርድ ሁሉም እሷን ያያሉ። ዘገነች። ጭብጧን ወደ ጉንጯ አስጠጋች። አሸተተች። ምላሷ ላይ አድርጋ ለረጅም ጊዜ አኘከች፤ በዛብህ ትዕግሥቱ አልቆ እግሩን ያወዛውዛል።

«ቀዝቃዛ ነው» አለች በመጨረሻ። ከዚያ ወደ ባሏ ዞረች፤ ቃሉን ግን ቶሎ አላወጣችውም። እሺ ስትል የምታደርገውን ታውቃለችና። «ደህና ነው፣ የአሲያ አባት። ደህና ዱቄት ነው።»

ዘይኑ ደጅ ወጣ። የዳለቻን ገመድ ከአንገቷ ፈታ። የበቅሎ ሰዎች ሲሸጡ ገመዳቸውን አይሰጡም፤ ገዢው አዲስ ገመድ ያመጣል፤ አሮጌው ከሻጩ ጋር ይመለሳል። በዛብህ ይህንንም አያውቅም ነበርና ባዶ እጁን ቆመ። ዋለ ሮጦ ከወፍጮ ቤቱ የጆንያ ማሰሪያ አመጣለት። ለጥቂት ጊዜ፣ አንዱ ገመድ ወልቆ ሌላው እስኪገባ ድረስ፣ ዳለቻ ምንም ሳይኖርባት ቆመች። መሄድ ትችል ነበር። አልሄደችም። ዘይኑ ግንባሯን በመዳፉ አንዴ ጠረገና ዞረ።

«ዘይኑ» አለ በዛብህ፤ ያ ትልቅ ድምፅ ጠፍቶ ነበር። «ደጋ ስወጣ የምላት ቃል ምንድን ነው? አንተ የምትላት?»

ዘይኑ ነገረው። በዛብህ ሞከረው፤ ተበላሸበት። ደገመው። ዘይኑ ቆሞ አስተካከለለት፤ እንደገና አስተካከለለት፤ በትክክል እስኪለው ድረስም አልሄደም።

ወፍጮው መንደሩ ከገባ በኋላ ለዘይኑና ለቶይባ የመጀመሪያው ጠዋት እንግዳ ሆነባቸው። ዶሮ ሳይጮህ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ነቁ፤ እሱ ሊጭን፣ እሷ ልትፈጭ። እሱ ጋቢውን ይዞ ተቀመጠ። እሷም የመጁ ቦታ ድረስ ሄዳ ተመለሰች።

«ምን ልሠራ ነው የተነሣሁት?» አለች ለራሷ።

«እኔስ ታዲያ?» አለ ዘይኑ።

ወጥተው ደጃፉ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። በመንገዱ ገና ማንም የለም። ከሩቅ፣ ከታችኛው ቤት፣ አንዲት ሴት፣ ወሬው አልደረሳት ይሆናል፣ መጇን ስታሽ ይሰማል። ቶይባ ጆሮዋን አዘነበለች።

«ነይ በያት፤ በነፃ እፈጭላታለሁ» አለ ዘይኑ።

«ተዋት ትንሽ» አለች ቶይባ። «ትንሽ ልስማት።»